የስንዴው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ

የ2017ን ቃና ዘገሊላ ደሴ አክብረን በማግስቱ ጠዋት ቡና ላይ ቁጭ ብለን ነው አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን እያየ ጭጭ ያለው። ምነው ስንለው ስልኩን አቀበለን፣ ትራምፕ ስልጣን በያዘበት ቀን የአሜሪካ መንግስት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈርሟል ይላል። ጓደኛዬ የሚሰራው በዛ ብር በሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ስራ አቁሙ የሚል ኢሜይል መጣላቸው፣ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆሙ፣ መጋዘን ያለውን ነገር ማን ይንካው ማን አይንካው የሚያውቅ ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ በነሱ አቆጣጠር በ1961 ኬኔዲ ያቋቋመው የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ጭራሽ ሰኔ 24 ቀን 2017 ተዘጋና የተረፈው ስራ ወደ ውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤታቸው ሄደ።

ከዛን ጊዜ ጀምሮ ቡና ቤት ብትገባ ታክሲ ውስጥ ብትቀመጥ ክርክሩ ይሄው ነው፣ ግማሹ ተገላገልን ዕርዳታ ነው ሰነፍ ያረገን ይላል፣ ግማሹ አለቅን ይላል። ለኔ ሁለቱም አልዋጥልህ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ከእናቴ መጀመር አለብኝ።

እናቴ በ77 የ15 ዓመት ልጅ ሆና ከደላንታ በእግሯ ነው ደሴ የገባችው፣ ሁለት ታናናሾቿን መንገድ ላይ ቀብራ። እኛ ቤት ሁለት እጅ የተጨባበጠበት ስዕል ያለው የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር፣ ጤፍ ትሰፍርበታለች፣ ፊደል ሳልቆጥር በፊት የማውቀው ስዕል እሱ ነው። ስለዛ ዘመን ብዙ አታወራም፣ አንዴ ግን ያ የዕርዳታ ስንዴ ባይመጣ እኔም አልነበርኩም አይደል ብዬ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «እህሉ ሲደርስማ ስንቱ አልቆ፣ ዓመት ሙሉ ተናግረን እኮ ነው ልጄ፣ የገበሬ ማህበሩ ሰውዬ በዓሉን ልታበላሹ ነው ወይ እያለ አባረረን።» በዓሉ ያለችው መስከረም 1977 ደርግ አስረኛ ዓመቱን ያከበረበትን ነው። አዲስ አበባ ባንዲራ ሲሰቀል ወሎ ሬሳ ይቀብር ነበር። ዓለም የሰማው በጥቅምት የቢቢሲ ሰዎች ኮረም ደርሰው ያዩትን ሲያሳዩ ነው፣ ኮረም ያኔ ወሎ ነች። የ66ቱም እንደዛው ነበር፣ የንጉሱ መንግስት ደብቆት ደብቆት በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው ያወጣው። ሁለቴም በጥቅምት፣ ሁለቴም የኛን ርሃብ የነገረልን የውጭ ካሜራ።

አማርትያ ሴን የሚባለው ህንዳዊ ኢኮኖሚስት የ66ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና የደሴን ገበያ ዋጋ አይቶ ነበር፣ ያገኘው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የእህል ዋጋ ደሴ ላይ ያን ያህል አልናረም፣ እንደውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ሀገሩ ላይ እህል ጠፍቶ አይደለም ሰው ያለቀው፣ ገበሬው ማሳው ደርቆ ከብቱ አልቆ መግዣ ስላጣና ጩኸቱን የሚሰማው ስላልነበረ ነው። ይሄው ሰውዬ ነው ኋላ ላይ ምርጫና ነፃ ጋዜጣ ባለበት ሀገር እንዲህ ያለ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ያለው። ስለዚህ ዴሞክራሲ የጠገበ ሰው ወሬ ነው ሲሉኝ ያመኛል፣ ለወሎ ሰው ዴሞክራሲ ማለት እየራበን ነው ብሎ በጊዜ መናገርና ተናግሮም በሰላም ቤቱ መግባት ነው።

ለጋሾቹ ግን ይሄን ነገር ሁለት ቦታ ከፈሉት። ስንዴው በአንድ በጀት፣ ዴሞክራሲው በሌላ በጀት፣ የተለያየ ቢሮ የተለያየ ሰው። የዴሞክራሲው ነገር ደግሞ እዚህ ሀገር ሁሌም ብርጭቆ እንደያዘ ሰው በጥንቃቄ ነው የሚሄደው። የ97 ምርጫ ሊደርስ ሲል በመጋቢት ለምርጫ ድጋፍ የመጡ ሶስት የአሜሪካ ድርጅቶች ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ከምርጫው በኋላ ሰው ሲሞትና ሲታሰር ለጋሾቹ በቀጥታ ለመንግስት በጀት የሚሰጡትን አቆሙ፣ ግን የአስተማሪና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ይቆረጥ ማለት ደግሞ ልጅ መቅጣት ሆነባቸውና በ98 የመሰረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባለውን ፕሮግራም አመጡ፣ ብሩ ወደ ክልልና ወረዳ ወርዶ ለትምህርት ለጤና ለውሃ ለግብርና እንዲውል። ከዛ በ2001 አዋጅ 621 ወጣ፣ ከገቢው ከ10 ፐርሰንት በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ እንዳይሰራ ከለከለ። ሀገር ውስጥ ለመብት ስራ ብር የሚያዋጣ ማን አለና፣ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ስማቸውን ቀይረው ልማት ውስጥ ገቡ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው፣ በ1113።

እኔ የምመሰክረው ግን ማንም ዴሞክራሲ ብሎ ስላልጠራው ነገር ነው። በዛ የመሰረታዊ አገልግሎት ፕሮግራም ውስጥ ማህበራዊ ተጠያቂነት የሚባል ትንሽ ክፍል ነበረች፣ 2006 እና 2007 አካባቢ በሱ ስር አመቻች ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባሉ ቀበሌዎች። ስራው ቀላል ነው፣ የቀበሌውን ሰው ትሰበስባለህ፣ ሴቶች ለብቻ ወጣቶች ለብቻ ሽማግሌ ለብቻ፣ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ውጤት ይሰጣሉ፣ ማንበብ ለማይችሉት የሳቀና የተከፋ ፊት የተሳለበት ወረቀት አለ። ባለሙያዎቹም ራሳቸውን ይገመግማሉ፣ ከዛ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የወረዳው በጀት ደግሞ ሰው በሚገባው መንገድ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለጤና ይሄን ያህል፣ ለትምህርት ይሄን ያህል።

አንድ ቀን አልረሳም። ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የለውም፣ ወላድ የሚያመጣ ሰው ጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዲት እናት፣ ልጅ አዝላ ቆማ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ልጇ አንብቦላት ነበርና ሃላፊውን «ይሄ ብር ለኛ ነው የመጣው? እንግዲያ እኛ ሳናየው እንዴት አለቀ?» አለችው። አዳራሹ ዝም አለ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ሴትየዋን ችግር ውስጥ የከተትኳት መስሎኝ። ሃላፊው ተቆጣ፣ ከዛ ተቀመጠ፣ ከዛ ደብተሩን አስመጥቶ መልስ መስጠት ጀመረ፣ ያለቀው ለምን እንዳለቀ፣ የጎደለው ከየት እንደሚመጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቧንቧው ገባ፣ ህዝቡ ቦዩን ቆፍሮ ወረዳው ቱቦ አምጥቶ። ሴትየዋ ቤቷ በሰላም ገባች። ለኔ የዴሞክራሲ ድጋፍ ማለት ይሄ ነው፣ ከዛ ወዲህ ባነር የተሰቀለበት ሆቴል ውስጥ ስንት ስልጠና ተቀምጬአለሁ፣ አበልም ተቀብያለሁ፣ እንደዛች ደቂቃ ያለ ነገር አላየሁም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ትልልቆቹ መንግስታት በኛ መንግስት ሲቆጡ ቅጣቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ አጎዋ ነበር ተስፋው፣ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መሸጥ። የእህቴ ልጅ እዛ የልብስ ስፌት መስመር ላይ ገባች፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የራሷ ነበር፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ለእናቷ ዘይት ትልክ ነበር። ጦርነቱ ኮምቦልቻ የገባው በጥቅምት 2014 ነው፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ከአጎዋ አስወጣለሁ ብለው ለኮንግረሳቸው ያሳወቁትም በዛው ሳምንት ነው። ከተማው የተመለሰው ህዳር 27፣ አጎዋው የተቆረጠው ታህሳስ 23። ወር አልሞላም። የተዘረፈ ከተማ ጠርገን ሳንጨርስ ማለት ነው፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ሳይቀሩ ኮምቦልቻ ላይ ተዘርፈው ተመድ በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ማደል ያቆመበት ጊዜ ነው። ጥሰት አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ ነበረ፣ እኛም ላይ ደርሷል፣ በሌላውም ላይ ደርሷል። ግን ያንን ጦርነት ያላወጀች ልጅ ናት ስራዋን ያጣችው። አሁን ጅዳ ሰው ቤት ነች፣ ድምጿን የምሰማው አርብ አርብ ነው።

በሰኔ 2015ም ያው ሆነ። ዕርዳታው በሰፊው እየተሰረቀ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ሀገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ፣ እስኪጀመር ወደ ስድስት ወር ሆነ። ሌባውን ማቆም ተገቢ ነው፣ ወላሂ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። ግን ከወለጋ ተፈናቅለው ሀይቅ አካባቢ ጃሪ መጠለያ ያሉ ሰዎች ስንዴ አልሰረቁም፣ ጦማቸውን ያደሩት እነሱ ናቸው፣ እነሱን ማንም ጠርቶ የት ጋ ነው የሚጠፋው ብሎ አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር እኮ። መጠለያ ውስጥ ያለች እናት ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ስም እንደገባ፣ 15 ኪሎ የተባለው ስንት ሆኖ እንደደረሳት ከማንም ኦዲተር በላይ ታውቃለች። ዕርዳታው ሲመለስ ምዝገባውና ክትትሉ እንዲጠብቅ ተደረገ፣ ደግ ነው፣ ግን ተመዝጋቢውን ጠያቂ የሚያረግ ነገር እስካልገባበት ድረስ ቁልፉ ከአንዱ ሃላፊ ወደ ሌላው ነው የሄደው።

አሜሪካ ብቻም አይደለችም። ተመድ በነሱ አቆጣጠር በ1970 ሀብታም ሀገር ከገቢው 0.7 ፐርሰንት ይስጥ ብሎ ነበር፣ እንግሊዝ በዛው በነሱ አቆጣጠር በ2015 ህግ ካረገችው በኋላ በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው፣ በ2027 ደግሞ 0.3 ይሆናል ብላለች። ብሩ እየቀነሰ ነው፣ አይመለስም ይሆናል። ስለዚህ ለቀረው ብር የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ስንዴውን ስትልኩ ዝርዝሩንም ላኩት፣ ማን ስንት ኪሎ ሊያገኝ ነው የሚለው ቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፣ ለመለጠፍና ለመሰብሰብ ለሚያስፈልገው ትንሽ ብር አትሰስቱ። ለኛም መንግስት የምለው ያው ነው፣ ለዚህ የማንንም ዶላር መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሰሌዳው አለ፣ ወረቀት አለ፣ ሙጫ አለ።

ባለፈው ሳምንት በጉዳይ ወደ አንድ የወረዳ ቢሮ ሄጄ ያ የበጀት ሰሌዳ ኮሪደሩ ላይ አሁንም እንዳለ አየሁ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ውስጡ ያለው ወረቀት በፀሀይ ነጥቶ ቁጥሩ አይነበብም፣ ዓመቱን ብቻ በመከራ ለየሁት፣ 2009 ይላል። ፎቶ አንስቼዋለሁ። በአካባቢያችን በዛ የውጤት መስጫ ስራ ላይ አብረውኝ ከሰሩት ሁለቱን ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ፣ አንዷ አሁን አስተማሪ ነች፣ ማክሰኞ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ሶስታችን ሃላፊውን ልናነጋግር ቀጠሮ ይዘናል።