የእማዬ ጎመን

ጥቅምት 14፣ ዳንግላ

ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ አንዲት ግብጦ ነቀልኩ። ዘሩን እማዬ ናት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችልኝ። ቃሪያ እምቢ ያለኝን ቀይ አፈር አይታ «ይችን ጣል አድርጊበት፤ ግብጦ መሬት ያሳርፋል» አለችኝ። እኔ ለቆሎ ያመጣችው መስሎኝ ነበር፤ ለዚያውም ተቆልቶ ወንዝ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ ምሬቱ አያስቀምስም።

ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጥቤ አየሁት። እዚህም እዚያም እንደ ጭራ ጫፍ ተንጨፍርሯል። ወደ ግንዱ ጠጋ ብሎ ደግሞ እባጭ የመሰሉ ጉብታዎች አሉት። አንዱን በጥፍሬ ስፈለቅቀው ውስጡ ደም የነካው ይመስላል። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ጎመኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ መውሰድ አይሆንለትም። እዚህ ጉብታ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ከአየር ይዘው ለተክሉ የሚያቀብሉት። ቅላቱም የእኛን ደም ከሚያቀላው ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው። የተንጨፈረረው ሥር ሥራው ሌላ ነው፤ ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ አፈሩ ውስጥ ያፈስሳል። በእኛ አሲዳማ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ጨምድደው የያዙትን ፎስፈረስ የሚያስለቅቀው እሱ ነው።

የተክል ምግብ ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ተመልሶ ወደ አፈር የሚሄድበትን ዙር ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ በቀስት ሳልኩት! ሰሌዳው ላይ ቀስቱ ሁልጊዜ ዞሮ ይገጥማል። እማዬ ቤት ግን አይገጥምም።

በቆሎው ከማሳ ወደ ቤት ይገባል፤ አገዳውም ለማገዶ ይከተለዋል። ከብቶቹ ገለባውን በልተው የሚጥሉት እበት ኩበት ይሆናል። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱስ የት ይደፋል? ጓሮ። ከቤቷ ጥግ ያለው ጎመን እንደዚያ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። እኛ ልጆቿ «የእማዬ እጅ!» እያልን ስናደንቅ ኖርን። እጇማ እጅ ነው፣ አልክድም። ግን ጎመኑ የሚበላው የማሳውን ጉልበት ነው። ማሳው ይሰጣል እንጂ ማንም መልሶለት አያውቅም፤ በየዓመቱ ዩሪያ ግዙልኝ የሚለው ወዶ አይደለም።

እኔ ደግሞ ከእሷ የባስኩ ነበርኩ። ግቢው ይጽዳ ብዬ የብሳናውን ቅጠል በየበጋው ጠርጌ በር ላይ አቃጥል ነበር። የተውኩትም አውቄ ሳይሆን ጎረቤቴ በጭሱ ስለተማረረች ነው። አምና አንድ ጥግ ከመርኩት፣ ዘንድሮ ጥቁር ብስባሽ ሆኖ አገኘሁት። ከጌሾው ሥር ያለበስኩት ቅጠል ደግሞ አፈሩን ሳይደርቅ ስላቆየልኝ የማጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ሆኗል።

ጌሾው የሚጠጣውን የት እንደሚያደርሰው ለማየት ባለፈው ሳምንት አንዱን ቅርንጫፍ በፌስታል ሸፍኜ አሰርኩት። ከሰዓት ስፈታው ውስጡ ውሃ አቁሯል። ሥር ከሚስበው መቶ እጅ ከ95 የሚበልጠው በቅጠል ተንኖ እንደሚወጣ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬያለሁ፤ እጄን ሲያረጥበው ግን ገረመኝ።

ከምሳ በኋላ ብስባሹን በባዶ የዩሪያ ማዳበሪያ ሞልቼ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለኝ ልጁ።

«አፈር።»

«ወደ ገጠር አፈር ይዘሽ?» ሲስቅ ቆየና የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ።

እማዬን በቆሎው ሲነሣ ማሳው ላይ እንድትበትነው ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም አስረዳኋት። «እሽ ልጄ» አለች። ቡና ጠጥተን ልሄድ ስነሣ ማዳበሪያው ተጋምሷል፤ ግማሹ ጎመኗ ሥር ተበትኗል።