ቱርቦና ዘይት፦ ከቪኤይቷ እስካሁን የተማርኩት

የቪኤይቷን፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሯን ላንድ ክሩዘሬን፣ ሞተር ማጥናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ቱርቦው ላይ ነኝ፤ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ማለት ነው። ወዳጆቼ ሁሌም የሚጠይቁኝ "ቱርቦ ያለው ሞተር ይቆያል ወይ?" ብለው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ያለችንን ይዘን መክረም ነው እንግዲህ።

ማወዳደሪያዬ የድሮው የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ። መካኒኮች "አይሞትም" ይሉታል፤ ልክ ናቸው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያቃስታል። የእኔዋ 4.5 ሊትር ናፍጣ በሁለት ቱርቦ ሽው ትላለች። ዋጋ ያስከፍላል ታዲያ። የሳሳውን አየር ለማካካስ ቱርቦው ቆላ ላይ ከሚሽከረከረው በላይ መፍጠን አለበት። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሄዳል። አብዛኛው ቱርቦ ላይ ይህን ዘንግ የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ለአፍታ ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይገናኛል።

ጋራዥ ውስጥ የተፈታ ቱርቦ ይዤ አየሁ። ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ ይነቃነቃል። ይህ አያስደነግጥም፤ ዘይት የሚሞላው ክፍተት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ግን አለቀለት።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ቱርቦ የለወጠ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሲፈልግ አይታችሁ ይሆናል። ዕቃውን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ዘይት የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ ናት። በካርቦን ከጠበበች አዲሱንም ትገድለዋለች። ካርቦኑ ከየት መጣ? ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሞተር ከማጥፋት። ቱርቦው እንደጋለ ዘይቱ ይቆማል፣ እዚያው ያርራል። እንጦጦ ስደርስ ከማጥፋቴ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ አቆያታለሁ።

የመኪና ደላሎች "ከአዲስ አበባ ወጥታ አታውቅም" እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ። እኔ ይህን ስሰማ ዋጋ መቀነስ ነው የሚያምረኝ። ከፒያሳ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ናፍጣና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በሚኒሞ መቆም ነው፤ ጥላሸቱ የጭሱን ፍሰት በሚያስተካክሉት የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ምላጮች ላይ ይጋገራል። ደብረ ብርሃን ደርሳ የምትመለስ መኪና ትሻላለች። ስለዚህ ዘይቱን መመሪያው ለከባድ አጠቃቀም በሚለው ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። የአየር ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ አያለሁ፤ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ አቧራ ቀላል አልነበረም።

በነገራችን ላይ ቱርቦ ያለበት ሞተር ሲበላሽ ሁሉ ቱርቦው ላይ መፍረድ አይገባም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ 102,000 ገደማ ቱንድራና ሌክሰስ ኤል ኤክስ ለጥገና ጠርቶ ነበር። ሞተሮቹ ባለ መንታ ቱርቦ ናቸው። የተባለው ምክንያት ግን ፋብሪካ ውስጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነው፤ የሚጎዳውም ብሮንዚናውን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ የሚሸከመውን ክፍል፣ ነው።

ቀጥሎ ከቱርቦው የሚወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች እፈታለሁ። ውስጡ በዘይት ቢወዛ ግድ የለም፤ ካቆረ ግን ሌላ ነገር ነው። ቱርቦውን ሳያወርድ ምላጮቹን ያጸዳ ሰው ካለ፣ በምን እንዳጸዳ ይንገረኝ።