ስክሪንሽ ላይ ልክ ነው

ጋሼ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ደብተር ይዘው ነበር። ባለ 50 ሉክ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ ደብተር። ሱቁ ሞልቷል፤ ሁለት የታክሲ ረዳቶች ሚሞሪያቸውን በጣታቸው ይዘው «ቶሎ በይ እንጂ» እያሉኝ ነው። ጋሼን በመስታወቱ በኩል ሳያቸው ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ኬብል የምፈልግ መሰልኩ። የጠፋ ኬብል አልነበረም።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ዘፈን ጫኝ ነበርኩ። ካሴት የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል፣ ሲዲውም እየተንገዳገደ ነው፤ እንጀራችን ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ነበር። (የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ ቤት ስለ አዋጅ የሚያነሳ አልነበረም፤ በሩ ላይ ያለው «ማንኛውንም ዘፈን እንጭናለን» ግን ከመንገድ ማዶ ይነበባል።) ሚያዝያ 11 ቀን፣ በፋሲካው ዕለት፣ ጥላሁን ገሠሠ ካረፈ ወዲህ ደግሞ የሚመጣው ሁሉ ጥላሁንን ጫኚልኝ ነው። ጠዋት የከፈትኩት የጥላሁን ፎልደር እስከ ማታ አይዘጋም።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡት በዚያ ግርግር መሀል ነው። አምስት ካሴት በፌስታል፣ ልጃቸው የገዛላቸው ደግሞ አንድ የቻይና ኤምፒስሪ፤ አውራ ጣት የምታክል፣ በአንዲት ቀጭን ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ 512 ሜጋ የምትይዝ።

«እንዳለ ገልብጪልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። «እንዳለ» የምትለዋን ቃል ግን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማኋትም።

ካሴት ገልብጦ የሚያውቅ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ ኬብል ትሰኪያለሽ፣ ድምፁ ቀዩን እንዳይነካ ታስተካክያለሽ፣ ገጹ ሲያልቅ ሮጠሽ ታዞሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ዘፈኑን ከዘፈን እየቆረጥሽ ስም ታወጪለታለሽ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ አንዱን ካሴት ከሀ ጀምሬዋለሁ። ሲያልቅ አምስቱ ካሴት በአምስት ፎልደር ቁጭ አለ፤ ሹክሹክታው ሳይቀር ተጠርጎለት። በሥራዬ ኮራሁ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የመጣው ለምን እንደቆጨኝ እንዲገባችሁ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ተዘባርቋል» አሉ።

«ምኑ?»

«ተራው።»

«ራንደም ላይ አድርገውት ነዋ ጋሼ።»

«እኔ ምኑንም አልነካሁ።»

«ቁልፍ ነክተው ይሆናል።»

በእኛ ሙያ ከ«እንደምን ዋሉ» ቀጥላ የምትመጣ አባባል ይህቺ ናት። ሚሞሪው አላነብም ቢል፣ ጆሮ ማዳመጫው በአንድ በኩል ቢሞት፣ ደንበኛው ቁልፍ ነክቶ ይሆናል። ከፍቼ ሳየው ራንደም አልነበረም። ዘፈኖቹን የሰየምኳቸው በላቲን ፊደል ነው፤ በአማርኛ ብጽፍ መሣሪያዋ አራት ማዕዘን ብቻ ነው የምታሳየው። ስለዚህ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ተደርድረዋል። በቃ ገባኝ አልኩና እያንዳንዱ ስም ፊት ቁጥር ጨምሬ፣ ያለውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። «አሁንም።»

አሁን ግን ማስረጃ ነበረኝ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩና ፎልደሩን ከፈትኩላቸው። 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 10፣ እንደ ወታደር ተሰልፏል። «ይኸው ጋሼ፣ በዓይንዎ ይዩት።»

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በመሀረብ ጠረጉት። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሊያሳርፉ ምንም ሳይቀራቸው እያንዳንዷን መስመር ቆጠሩ። አሥር ላይ ሲደርሱ መነጽሩን አወለቁ።

«ስክሪንሽ ላይ ልክ ነው። ኪሴ ውስጥ ግን ልክ አይደለም።»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። የሳቀው በእኔ ነው። በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ የተመረቅኩ ልጅ ነበርኩ፤ ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ ባይሰቀልም ምላሴ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት ሲገባኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ማሽን 10ን ከ2 በፊት ሊያነብ እንደሚችል፣ ስለዚህ ቁጥሩ 01፣ 02 መባል እንዳለበት፣ ይህ የታወቀ ነገር እንደሆነ። የታወቀ ነገር መሆኑስ እውነት ነው። የእሳቸው ችግር ግን እሱ አልነበረም። ዜሮ ጨመርኩ፣ ጫንኩ፣ ሸኘኋቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አለቃዬ ከኋላ ሆኖ «ፎርማት አድርጊው!» አለ። እሱ ዘንድ ፎርማት ጠበል ነው፤ የማያድነው የለም። ምኑንም ሳያይ 5 ብር እንዲከፍሉ አደረገና ስልኩን ማናገር ቀጠለ። ጋሼ ከፈሉ። ፎርማት አደረግኩ፣ እንደገና ጫንኩ። ስለ ጋሼ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወደዚያ ሱቅ የሚገባ ግማሹ ደንበኛ ከጠረጴዛው ጀርባ እኔን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጁ የለም እንዴ?» ብሎ ነው። ልጅ የሚባል በዚያ ሱቅ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ጋሼ ያን ሁሉ ሲመላለሱ ሌላ ሰው ጥሪልኝ አላሉም። እኔ ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር ተደበቅኩባቸው።

«ውጪ የኔ ልጅ፣ አይቼሻለሁ» አሉ በዚያ በአራተኛው ጊዜ፤ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

በማስመሪያ ተሰምሯል። በግራ በኩል የካሴቱ ተራ። ቀጥሎ «መጀመሪያ የተጫነ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ»፣ «አራተኛ»፤ በእያንዳንዱ ሥር ዘፈኖቹ በተግባር የመጡበት ተራ፣ በአምስቱም ካሴት። ሌሊት ቁጭ ብለው እያደመጡ የጻፉት ነው። ጡረታ የወጡ ግምጃ ቤት ሠራተኛ መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«እዪ» አሉኝ፤ ጣታቸው ከዓምድ ወደ ዓምድ ይሄዳል። «በሁለተኛውም በሦስተኛውም በአራተኛውም ስህተቱ አንድ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ በተራው ይከተላል። አምስቱም ካሴት ላይ። ዕቃ ሲበላሽ እንዲህ ደግሞ ደጋግሞ አንድ ዓይነት አይበላሽም። ይሄ የእጅ ነው።»

«የማን እጅ?»

መልስ አልሰጡኝም። መልሱ ግልጽ ነበር።

«እኛ ዘንድ ቢን ካርዱ፣ የዕቃ መመዝገቢያው ካርድ፣ በፊደል ተራ ይቀመጣል። ዕቃው ግን መደርደሪያ ላይ የሚገኘው በገባበት ተራ ነው። አንቺ ካርዱን ነው የምታሳይኝ። እስኪ ስታስገቢ ልይ።»

ከጠረጴዛው ጀርባ ደንበኛ አይገባም፤ የቤቱ ሕግ ነው። አስገባኋቸው። ረዳቶቹ አጉረመረሙ። እንደ ሁልጊዜዬ የመጀመሪያውን ዘፈን ነካሁ፣ ሺፍት ይዤ የመጨረሻውን ነካሁ፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆኑ፤ እዚያው እጄ ካለበት ከመጨረሻው ላይ ይዤ ወደ ኤምፒስሪው ጎተትኩ። ያቺ የድሮዋ የዊንዶውስ ኤክስፒ መስኮት ብቅ አለች፤ ወረቀቶቹ ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው የሚበሩባት። በሕይወቴ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ። ከወረቀቶቹ በታች በደቃቁ የተጻፈውን ግን አንብቤው አላውቅም።

ጋሼ አነበቡት። «መጀመሪያ የበረረው አሥረኛው ነው።»

እውነት ነው። አሥረኛው ነበር።

«ከታች ይዘሽ ስለጎተትሽው ነው። ከላይ ያዢው።»

ከላይ ያዝኩት። አንደኛው በረረ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ሰባት ደንበኛ ፊት፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ማውስ አያያዝ ተማርኩ።

ምክንያቱን በቃሌ የማውቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ አንብቤ። ፋት በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ሚሞሪ ላይ ፋይል ሲገባ ስሙ በማውጫው ላይ ተራ በተራ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ ለዓይናችን ብሎ በስም ደርድሮ ያሳየናል። ርካሽ ኤምፒስሪ ግን መደርደር የሚባል ነገር አያውቅም፤ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች እንዳለ ያነባል፣ ስሙ ላይ 01 ብትጽፊለት ሺህ ብትጽፊለት ግድ የለውም። ብዙ የመኪና ቴፖችም እንደዚያው ናቸው። ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ፋይል ሲጎተት ማውሱ የያዘውን ያስቀድማል። በኋላ ድራይቭሶርት የምትባል ማውጫውን ራሱን የምትደረድር ትንሽ ፕሮግራም አገኘሁና ተገላገልኩ።

ተጭኖ ሲያልቅ ጋሼ አልሄዱም። ጆሮ ማዳመጫውን ሰኩ፣ ወንበር ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝም ብዬ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ነበረብኝ፣ ግን አልቻልኩም። አንድ ዘፈን ሙሉ ጠበቅኩ። አራት ደቂቃ የሚሆን ይመስለኛል። ዘፈኑ አለቀ መሰለኝ ጭንቅላታቸው መወዝወዙን አቆመ። በሁለቱ ዘፈኖች መሀል ባለችው ጸጥታ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የሚቀጥለውን ዘፈን የመጀመሪያ ስንኝ፣ ድምፅ ሳያወጡ። ጀምረውት ቆዩና፣ ዘፈኑ ደረሰባቸው። ፊታቸው ላይ ስላየሁ ነው የማውቀው።

«ይኸዋ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ቆይተው ደግሞ፣ «አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን አፌ ራሱ ነው የሚጀምረው። 25 ዓመት ነው እንዲህ የለመደ። ሌላ ሲመጣ ደረጃ ስወርድ አንዷ የጎደለችብኝ ያህል ነው።»

«እንዳለ» ማለት ይሄ ኖሯል።

ሲነሱ ከኪሳቸው 5 ብር አወጡ። አይሆንም አልኩ። አለቃዬ በትከሻዬ ላይ እጁን ሰዶ ተቀበላቸው።

በሳምንቱ ሱቁ በር ላይ አዲስ ጽሑፍ ተለጠፈ፦ «ዘፈን በቅደም ተከተል እንጭናለን»። ከወትሮው በ3 ብር ይበልጣል። አለቃዬ ለሚጠይቀው ሁሉ ችግሩን እንዴት እንደደረሰበት ያብራራ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እየጫንኩ። ታሪኩ በየቀኑ ይረዝማል። አንድ ቀን ውስጡ «ከጃፓን የመጣ መሐንዲስ» ሲገባበት ሰማሁ። ደብተር የያዙ ሽማግሌ ግን አንድም ቀን አልገቡበትም። ደሞዝ ጨምርልኝ ስለው «ምን አዲስ ሥራ ጀመርሽና» ነበር መልሱ።

አሁን ቢሮ ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ለአዲስ ልጆች ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ደንበኛውን ስሙት፣ የሚለውን ጻፉት፣ እጃችሁን ጠርጥሩ እያልኩ። ደህና አድርጌ ነው የምነግራቸው።

ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ፍላሹን ይዞ መጣ። እኔው ራሴ ነበርኩ መዝሙር የጫንኩለት።

«እቴ፣ ይሄ ነገር መኪናው ላይ ተራው ይዘበራረቃል» አለኝ።

ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም።

«ቁልፍ ነክተህ ይሆናል» አልኩት።