«ተሰነደ» ይባላል?

ዛሬ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «ውሳኔዎቹ በአግባቡ ተሰንደዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ሰነድ ስም እንጂ ግስ ስላልሆነ «በሰነድ ተይዘዋል» ተብሎ እንዲስተካከል አዘዙኝ። «ጋሼ፣ ገንዘብ ተበጀተ ስንል በጀትም እኮ ስም ነበር» ብዬ ብከራከራቸው፣ «እሱማ ተለምዷል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም። ከስረዛው ግርጌ ግን፣ በዚያው ቀይ ቀለም፣ «ሰንጠረዡንም አዘምነው» የሚል ትእዛዝ አስፍረዋል፤ አዘመነ የሚለው ግስ ዘመን ከሚለው ስም መገኘቱን ልብ ያሉት አልመሰለኝም፣ እኔም ክርክሩ እንዳይከር ብዬ አላነሳሁባቸውም።

አማርኛ ስምን እንዳለ አንስቶ ግስ አያደርገውም፤ ተነባቢዎቹን ለይቶ በግስ ቅርጽ ውስጥ ያስገባቸዋል እንጂ። ሰነድ ሦስት ተነባቢዎች (ስ፣ ን፣ ድ) ስላሉት ሰነደ፣ ይሰንዳል፣ ተሰነደ፣ መሰነድ እየተባለ ያለ ችግር ይረባል፤ ፎቶ ግን እንዲህ ሳይረባ «አነሳ» የሚለውን ግስ ተደግፎ ይኖራል። ስለዚህ ጋሼ ጆሯቸው ያልለመደውን ሁሉ የሰዋስው ስሕተት አድርገው የቆጠሩት ይመስለኛል። በእርግጥ «ጎገለ» (በጎግል ፈለገ) የሚለውን እኔም በሪፖርት ላይ ለመጻፍ ገና አልደፍርም።