የማን አፅም ነው?

ባሕር ዳር፣ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ውስጥ የስፖርት ዜና መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቀኑ ዓርብ፣ የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.። ዐቢይ ጾም ከገባ አምስተኛው ቀን። በዋዜማው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አሳውቀዋል። በዚያው ዓርብ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዜና ክፍላችን የቅዳሜ ገበያ መስሏል። ስፖርት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። አለቃዬ ጽሑፌን ሳያየው ፈረመበት። አልፈርድበትም።

ደቡብ ኮሪያ፣ ፒዮንግቻንግ ላይ የክረምት ኦሊምፒክ እየተካሄደ ነበር። በእንግሊዝኛ ከመጣው ዜና ውስጥ «ስኬሌተን» የሚል ቃል አለ። ቃሉን ባላውቀው ኖሮ እጠይቅ ነበር። ችግሩ አውቀዋለሁ። ባዮሎጂ ክፍል ጥግ ላይ ቆሞ ያስፈራራን የነበረው እሱ አይደል እንዴ!

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ድምፄን አስተካክዬ አነበብኩት። «በወንዶች የአፅም ውድድር ደቡብ ኮሪያዊው ዩን ሱንግ ቢን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ጋናዊው አክዋሲ ፍሪምፖንግ ሠላሳኛ ሆኖ ጨርሷል።» ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሽሮዬን በላሁ። ተኛሁ።

ጎጃም ውስጥ አፅም ቀልድ አይደለም። የጻድቃን አፅም ይፈልሳል፣ በክብር ያርፋል፣ ይሳለሙታል። በጾም ወር፣ በሬዲዮ፣ አፅም ተወዳደረ ብለሽ ስትናገሪ ሰው ዝም አይልሽም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ስልክ ተቀባይዋ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ሰባት ሰው ደውሏል። አንዱ የቅኔ ተማሪ ነው። ጥያቄው አንዲት መስመር ናት፦ «የየትኛው ጻድቅ አፅም ነው?» ቴክኒሻናችን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «እኛም ጾሙ በዚሁ ከቀጠለ ለሜዳሊያ እንደርሳለን» አለ። ለሳምንታት ስሜ «አፅሚቱ» ሆኖ ቀረ።

አለቃዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እሑድ የቀጥታ ስርጭት አለሽ አይደል? ያበላሸሽው አንች ነሽ፤ አንችው አስተካክይው» አለኝ።

ቅዳሜን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ዋልኩ። ለካ ነገሩ ሸርተቴ ነው! ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆነን ወንዶቹ ከእንጨትና ከኩሽኔታ ጋሪ ሠርተው ቁልቁለቱን ይለቁት አልነበር? እሱ ነው። ልዩነቱ እነዚህ በሆዳቸው ተኝተው፣ ጭንቅላታቸውን አስቀድመው፣ በበረዶ ቦይ ውስጥ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ መክነፋቸው ነው። አገጫቸው በረዶውን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። መሪ የለም። በትከሻና በጉልበት ጫን እያሉ ይጠመዝዙታል። ኩርባው ላይ ጭንቅላታቸው ይከብድና ቀና ማለት ያቅታቸዋል። ስለ ስሙ ከሚነገሩት ወሬዎች አንዱ ደግሞ የድሮው የብረት መንሸራተቻ አፅም ስለሚመስል ነው ይላል። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም ማለት ነው!

ዩን ሱንግ ቢን አራት ዙር ወርዶ ሁለተኛውን በ1.63 ሰከንድ በልጦታል። ብዙ ላይመስል ይችላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የለያቸው ግን 0.02 ሰከንድ ነው።

እኔን የያዘኝ ወርቁ አልነበረም። ወርቁን ማንም ያወራዋል። በአንድ መስመር የሸኘሁት ሠላሳኛው ሰውዬ ነው የቆጠቆጠኝ። ፍሪምፖንግ ኩማሲ ተወልዶ ሆላንድ ያደገ ሯጭ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሸጧል። የራስ ቁሩ ላይ ከአንበሳ አፍ የምታመልጥ ጥንቸል አሥሏል። በማግሥቱ፣ ማለትም እኔ ኮምፒውተሩ ላይ በተጣድኩበት ቅዳሜ፣ የሴቶቹ አለቀ። ናይጄሪያዊቷ ሲሚዴሌ አዴግቦ ሃያኛ፣ የመጨረሻ ሆነች። ስሉስ ዝላይ ካቆመች ዓመታት አልፈው፣ መንሸራተቻ ላይ ከተኛች ገና ወራቷ ነበር። በዚህ ስፖርት ኦሊምፒክ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት።

እዚያ ለመድረስ ደግሞ የሚኖሩት ኑሮ አለ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ቦይ ያለባቸው ቦታዎች ሃያ አይሞሉም። አሜሪካ ሌክ ፕላሲድና ፓርክ ሲቲ፣ ካናዳ ዊስለር፣ ጀርመን አልተንበርግና ዊንተርበርግ፣ ላትቪያ ሲጉልዳ። ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ ያለው በየዓመቱ ከተፈጥሮ በረዶ አዲስ ይሠራል። ክረምታቸው በገባ ቁጥር መንሸራተቻቸውን በሣጥን አሽገው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ፣ ነጥብ ይለቅማሉ። ደርሰው ልምምድ የሚፈቀድላቸው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ነው። አንዱ ዙር ደግሞ አንድ ደቂቃ ግድም ያልቃል። ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ በቀን ሁለት ደቂቃ! የቀረውን ጊዜ ቦዩን በእግራቸው እየሄዱ ኩርባውን እንደ ዳዊት በቃል ይይዛሉ። ማታ ማታ የመንሸራተቻውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ ያመሻሉ። ጫር ያለ ነገር ካለበት ሰከንድ ይበላላ። የደሃ አገር ልጅ ከሆንክ የአውሮፕላኑንም የአልጋውንም ገንዘብ ለምነህ ነው የምታመጣው።

እሑድ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የማንም ጻድቅ አፅም እንዳልሆነም አረጋገጥኩ። ስልክ ተከፈተ። አንድ አባት ገቡ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የዓባይን በረሃ ከደጀን ሲወርዱ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ኖረዋል።

«አንች ልጅ፣ ከእኛ አገር ሄዶ የሞከረ አለ?»

«በዚህኛው አላገኘሁም ጋሼ። በበረዶ ሸርተቴ ግን፣ በስኪው፣ ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል።»

«ጎሽ! አሁን እኔ ያን በረሃ ስወርድ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነው። ፍሬን ካበዛሁ ይግላል፣ ይሸታል። የነዚህ ፍሬኑ የት ጋ ነው?»

«ፍሬን የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«የለውም ጋሼ። መጨረሻው ዳገት ነው፤ ዳገቱ ነው የሚያቆማቸው።»

ዝም አሉ። ቴክኒሻኑ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት በመስታወቱ በኩል በእጁ ጠየቀኝ። አልተቆረጠም፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

«እንግዲህ እንዲህ ከሆነ…» አሉ በመጨረሻ፣ «የዚያ የጋናው ልጅ እናት ይህን ነገር ታውቃለች?»