ኮላውን የነከስኩ ዕለት

ስለ በረራው የምለው የለም፣ ከአዲስ አበባ ናይጄሪያ፣ ኢኑጉ ከተማ ድረስ ተኝቻለሁ። ነገር የጀመረው ከኤርፖርቱ ደጅ ነው። ሹፌሩ "ኦጋ፣ ንሱካ 60 ሺህ ናይራ" አለኝ። ተከራክሬ 45 ሺህ ላይ ስንስማማ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። መንደሩ ስደርስ ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀ፣ 25 ይበቃው ነበር አለኝ። ያበገነኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ኦጋ ማለት አለቃ ማለት ነው፣ ሲጠራኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ ኢግቦ ነው፣ የደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ብሔር፤ ሌጎስ ውስጥ አካውንታንት ነው። የጋበዘኝ ለአዲሱ ያም በዓል፣ ለ"ኢሪ ጂ" ነው። ያም ማለት ወላይታዎች ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር ነው። በበዓሉ ሳይባረክ አዲሱ ያም አይቀመስም። እኔ ደግሞ የደረስኩት ፍልሰታን ይዤ ነው። ሰዓት አልይዝም፣ ከሥጋና ከዓሣ ግን እጾማለሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ባልተርከው ይሻላል። ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ አጎበሩ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ነበረው። የመንደሩ ትንኝ በሙሉ ቀዳዳውን ያውቀዋል።

ጠዋት ወደ ኦቢ ገባን። ኦቢ አባወራው እንግዳ የሚቀበልበት ቤት ነው። የጓደኛዬ አባት፣ ሁሉም ፓፓ የሚላቸው፣ ከዘመድ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ፓፓ የኮላ ፍሬ ያለበት ሳህን ወደ እኔ ዘረጉ። እኛ ቤት እንግዳ የቀረበለትን ካልበላ ያስቀይማል። አንዱን አንስቼ ነከስኩት።

ቤቱ ጭጭ አለ። ጓደኛዬ ግንባሩን ያዘ።

ለካ ሳህኑ የመጣልኝ እንዳየው ነው። እንግዳ ያየዋል፣ ይነካዋል፣ ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዚያ ሽማግሌ ይጸልይበታል፣ በኢግቦኛ ብቻ፤ "ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም" ይላሉ። ከዚያ ነው የሚሰበረው፣ ሴት ደግሞ አትሰብረውም። አራት ክፍል ሆኖ ከተገኘ ደስ ይላቸዋል፣ የሳምንታቸው የገበያ ቀኖች አራት ናቸውና፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ። ይኼን ሁሉ የተማርኩት መራራውን ፍሬ በጉንጬ ይዤ ነው። ልውጠው? ልትፋው? ዋጥኩት።

እግዜር ይስጣቸው ፓፓ ሳቁ፣ ቤቱም አብሮ ሳቀ። ኮላው በዕድሜ ተራ ሲታደል ከእኔ በኋላ የቀረው አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ልጅ ስንት አለህ?" አሉኝ። የለኝም። "ሚስትስ?" የለኝም። "ያምስ?" ሲሉ ቤቱ ፈረሰ። 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ይኼን ጥያቄ ከአክስቶቼ ለምጄዋለሁ፣ ያሙ ግን አዲስ ነው።

ቀልድ ብቻም አልነበረም። ድሮ የወንድ ልክ የሚታየው በያም ጎተራው ነው። ብዙ ላመረተ የያም ጌታ የሚል ማዕረግ አለ። ፓፓ ጎተራቸውን አሳዩኝ። ያሙ አንድ በአንድ ከቋሚ እንጨት ላይ እየታሰረ ነው የሚቀመጠው፣ ግን ዋናው አዝመራ ገና ስለሆነ አብዛኛው እንጨት ባዶ ነበር። "በዲሴምበር ብትመጣ!" አሉ፣ ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ እንደገባበት ሰው። ያሙ የሚተከልበትን ጉብታ ማን ይቆልላል ብዬ ጠየቅኩ። ከአባካሊኪ በኩል የመጡ የቀን ሠራተኞች። የሚከፍላቸው ጓደኛዬ ነው፣ ከሌጎስ፣ በሞባይል። እሱ ራሱ ጉብታ ሊያሳየኝ ቆፍሮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መዳፉ ተላጠ። ፓፓ አንገታቸውን አዞሩ።

የበዓሉ ቀን አዲሱ ያም በእሳት ተጠብሶ በቀይ የዘንባባ ዘይት ሲቀርብ ግን ሁሉን ረሳሁ። ከዚህ የጣፈጠ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም። ከዚያ ወጡ መጣ፣ ቅጠሉን አየሁት፣ ግራዋ ነው! እኛ የጠላ ጋን የምናጥብበትን እነሱ ምሬቱ እስኪወጣ አጥበው ወጥ ይሠሩበታል። ችግሩ ደረቅ ዓሣ አለበት። እናቱ፣ ማማ፣ መጾሜን ስትሰማ ያለ ዓሣ በትንሽ ድስት ለብቻዬ ሠራችልኝ። "ይኼ ወጥ አይደለም" ብላ አስቀመጠችው። ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ሳህኔን ላጥብ ወጥ ቤት ስገባ ሴቶቹ በሳቅ አባረሩኝ። አባቴ ትዝ አለኝ። ጓዳ ገብቶ አያውቅም፣ ውሃ እንኳን ሲጠማው ተቀምጦ ይጣራ ነበር። እንዲያውም ማማ ከበሩ ላይ አስቀመጠችኝና ካሳቫ እየላጠች አወራችኝ፣ ጓደኛዬ እየተረጎመ። ያም የወንድ ነው፣ ካሳቫና ጎደሬ የሴት። "እሱ ያሙን ለእንግዳ ያሳያል" አለች፣ "እነዚህን ልጆች ግን ጋሪ ሸጬ ነው ያስተማርኳቸው።" ጋሪ ከካሳቫ የሚቆላ ዱቄት ነው። ጓደኛዬ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ትንሽ ተንተባተበ።

ማታ ታላቅ እህቱ ከባሏ ቤት መጣች። የበኩር ሴት ልጅ አዳ ትባላለች፣ በትውልድ ቤቷ ትፈራለች። አግብተው የወጡ የዘመዱ ሴት ልጆች ተሰብስበው ሲመጡ ወንዶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ አሉኝ፤ አንዷ ብቻዋን ስትመጣም ሲቀንሱ አየሁ። የመሬት ወሬ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴት ልጅም ከአባቷ ትወርሳለች ብሎ የለ? አለች። አጎቷ "ዳኛው አቡጃ ነው፣ መሬቱ እዚህ ነው" አሉ። እሷም "እኔም እዚሁ ነኝ" ብላ የፓፓን ወንበር ሳበችና ተቀመጠችበት። ፓፓ ምንም አላሉም፣ ሌላ ወንበር ፈለጉ።

አጎትየው ወደ እኔ ዞሩ። ኢግቦዎች ከናይጄሪያ ለመገንጠል በተዋጉበት በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ልጅ ነበሩ። ድርድሩ ንጉሣችሁ ዘንድ አዲስ አበባ ተደርጎ ነበር አሉኝ። በእኛ ነሐሴ 1960 መሆኑ ነው። "ምን አመጣ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም፣ እሳቸውም አልጠበቁም፣ የዘንባባ ጠጅ ቀዱልኝ።

ስመለስ ፓፓ አንድ ያልተሰበረ ኮላ ሰጡኝ፣ ቤቱ ሲደርስ ከየት እንደመጣ ይናገራል ብለው። "ይኼን አትንከሰው" አለ ጓደኛዬ። ለእናቴ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና "ታዲያ ምን ይደረግበታል?" አለች፣ አባቴ ግን ከእጇ ተቀብሎ ነከሰው።