በደሴ ፒያሳ የዜና ስቱዲዮ ስንሠራ

ባለፈው ዓመት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ባለ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ለሚከፍተው የዜና ስቱዲዮ የውስጥ ዲዛይኑንና የዕቃ ምርጫውን እንድሠራለት ጠየቀኝ። ኃላፊዎቹ ሲያነጋግሩኝ በልባቸው የነበረው የዜና አንባቢው ጠረጴዛና ከጀርባው የሚቆመው ትልቅ ስክሪን ነበር። እኔ ግን ገና ስገባ ዓይኔ ያረፈው ኮርኒስ በሌለው ባዶ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ከበጀቱም የሚበዛው እዚያ እንደሚገባ ስነግራቸው ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ።

በመሀል ከተማ መክፈታቸውን አልነቀፍኩም። እንግዳ በእግሩ መጥቶ ይገባል፤ ዘጋቢውም ካሜራውን ይዞ በደቂቃ ገበያው ውስጥ ይገኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው የነበረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። የመሀል ከተማ ዋጋው ድምፅ ነው፤ ባጃጁ፣ የአውቶቡሱ ጡሩንባ፣ የረዳቱ ጥሪ አያቋርጥም። በደሴ ላይ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ። የቀትሩ ዜና የሚነበበው 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ስለሆነ የዙሁር አዛን ከዜናው መሀል ይገባል። በነሐሴ ፍልሰታ ሲጾም ቅዳሴው በቀን ይሆናል፤ በዚያው ወር የቶሳ ተራራ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። አዛኑንም ሆነ ቅዳሴውን ለማይክሮፎን ሲባል ቀንሱልን ብሎ የሚጠይቅ ወሎዬ የለም፤ ስለዚህ መፍትሔው ከግድግዳውና ከጣሪያው መምጣት ነበረበት።

ያደረግነው በክፍሉ ውስጥ ሌላ ክፍል መሥራት ነው። ከነባሩ የብሎኬት ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀን ሁለተኛ ግድግዳ በጂፕሰም ቦርድ አቆምን፤ በመካከሉ የድንጋይ ሱፍ ሞላንበት። ሁለቱ ግድግዳዎች እንዳይነካኩ የነበረኝ ጥንቃቄ ሠራተኞቹን አሰልችቷቸው ነበር፤ አንድ የተረሳ ምስማር እንኳ ንዝረቱን ከውጭኛው ወደ ውስጠኛው ያሻግራልና። ጣሪያውም እንዲሁ በራሱ ብረት የተሸከመ ሁለት ድርብ ቦርድ ሆኖ፣ ከቆርቆሮው ጋር ሳይገናኝ ተሠራ። በዚህ መሀል ከኃላፊዎቹ አንዱ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ በርካሽ እንደምንገላገል አጥብቀው ተከራከሩኝ። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ የሚነጥረውን ቀጭን ድምፅ በመጠኑ ያለዝብ ይሆናል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይመልስም፤ ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶው ብቻ ክፍት ቢቀር፣ የቀረው ምንም ያህል ቢወፍር ጠቅላላ መከላከያው በድምፅ መለኪያ ከ20 ዴሲቤል ብዙም አያልፍም። በሩን ጥንድ አድርገን፣ በመካከሉ ትንሽ መተላለፊያ ትተን፣ ዙሪያውን ጎማ ያለበስነው ለዚህ ነው።

ወደ ፒያሳ የሚያየውን መስኮት መድፈኑ ለእኔ ይቀል ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ከአንባቢዋ ጀርባ ከተማዋ እንድትታይ ፈለጉ፤ አሁን ሳስበው የተሻለ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ችግሩ የደሴ ጉም ነው። አሁን ፀሐይ ነው ሲሉት ጉሙ ወርዶ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። የቀን ብርሃን ቀለም በብርሃን ቀለም መለኪያ 5600 ኬልቪን ገደማ በመሆኑ መብራቶቻችንን ሁሉ በዚያው ቀለም ኤልኢዲ አደረግን፤ በመስታወቱም ላይ ብርሃን የሚቀንስ ግራጫ ፊልም ለጠፍን። ኤልኢዲው ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ጣሪያው ዝቅ ላለ ክፍል ተስማሚ ነው።

ያላሰብኩት ልብሱን ነበር። አንባቢዋ በበዓል ነጭ ነጠላ ለብሳ ስትቀመጥ ካሜራው ራሱን በነጩ ለካና ፊቷ ጨለመ፤ ለፊቷ ብለን የካሜራውን ብርሃን ማስገቢያ ስንከፍት ደግሞ ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ የበራ ግድግዳ መሰለ። የካሜራውን መለኪያ በእጅ አድርገን፣ ከዋናው መብራት ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥለን ከአንገት በታች ያለውን ብርሃን ቀነስነው። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ግን በስክሪን ላይ ስለሚርገበገብ ከነጭራሹ ተከለከለ።

ወንበሮቹ መሽከርከሪያ የሌላቸው ናቸው፤ እንግዳ ሲጨነቅ ይወዛወዛልና። ጠረጴዛውን የሠሩልን በዕድሜ የገፉ የከተማው አናጢ ናቸው። ከዋንዛ ሠርተው፣ ሦስት ዙር ቫርኒሽ ቀብተው፣ «ልጄ፣ ፊትህን እይበት» እያሉ አመጡልኝ። እውነትም ፊቴ ይታይ ነበር፤ መብራቱ ሲበራ ግን በገጹ ላይ ሦስት ነጫጭ ሰንበሮች ተጋደሙ፤ የአንባቢዋም አገጭ ከታች በኩል በራ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብልጭታው መነሳት አለበት» ስላቸው መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። ቆይተው ብርጭቆ ወረቀታቸውን አወጡና፣ የራሳቸውን ሥራ እየፋቁ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ «አብሽር፣ እንጨቱ ያንተ ነው» አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ ከላዩ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ቀባንበት።

የመጀመሪያው የቀጥታ ዜና በነሐሴ ሲተላለፍ ዝናቡ እየወረደ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ መልሶም አጠለቀው። አናጢው ዜናውን የተመለከቱት ከሱቃቸው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሆነው ነው። በማግስቱ ሳገኛቸው ስለ ድምፁም ስለ መብራቱም ምንም አላነሡም፤ ጠረጴዛው አቧራው ያልተጠረገለት ይመስላል ብለው ወቀሱኝ።